ለስግድ በዓል ሲጠሩ እነዚህን ስህተቶች አይሥሩ

እስራኤል ውስጥ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዳዊ፣ ወዳጅ ወይም ጎረቤት ካለዎት፣ መጸው ሲጋመስ «ስግድ እንዳይቀሩ» ተብለው ወደዚህ የጸሎት በዓላቸው መጠራትዎ አይቀርም። ይሂዱ። ግን እንግዳ የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ።

አንዱ ቀኑ ነው። ስግድ በፈረንጅ ካላንደር ቋሚ ቀን የለውም። የሚውለው በዕብራውያን አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ነው፤ ከአስተሰርዮ፣ ማለትም ከዮም ኪፑር፣ ሲቆጠር 50ኛው ቀን። በ2023 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ነበር፤ በ2025 ደግሞ ኖቬምበር 20። ቅዳሜ ከዋለ ሰንበት እንዳይነካ ወደ ሐሙስ ይሳባል። የአምናውን ቀን ይዘው አውቶቡስ እንዳይሳፈሩ።

ትልቁ ስህተት ግን ስግድን የጭፈራ ቀን ማድረግ ነው። እስክስታውን ብቻ አስቦ ከሰዓት ብቅ የሚል ሞልቷል። ዋናው ነገር ጠዋት አልፎታል። ኢየሩሳሌም ውስጥ አርሞን ሃናጺቭ በሚባለው ከፍታ ላይ፣ ቄሶቹ በባለ ቀለም ጥላ ሥር ሆነው አሮጌዋን ከተማ ፊት ለፊት እያዩ ይጸልያሉ። ኦሪት በግዕዝ ይነበባል፤ ለሕዝቡም ይተረጎማል። ከመጽሐፈ ነህምያ ደግሞ ዕዝራ ከምርኮ ለተመለሰው ሕዝብ ሕጉን ያነበበበት፣ ሕዝቡም አልቅሶ ቃል ኪዳኑን ያደሰበት ታሪክ ይነሳል። የበዓሉ ሥር ይኸው ነው። ድሮ ጎንደር ሳሉ አምቦበር አካባቢ ተራራ ይወጡ ነበር። ራሱን ዝቅ ለማድረግ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም ነበር። ይህን ጸሎት ሳያዩ «ስግድ ሄጄ ነበር» ማለት፣ ለእኔ፣ ሠርግ ቀርቶ ለመልስ እንደመድረስ ነው።

ምግብ ነገርም አለ። ብዙ ሰው ጸሎቱ እስኪያልቅ ጾመኛ ነው። የሚጾሙ አዛውንት አጠገብ ቆሞ ሳንድዊች መግመጥ ነውር ነው። ከሰዓት ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ያኔ ብሉ ጠጡ ነው፣ ዘፈኑም ይቀልጣል።

ከሀገር ቤት የሄደ ክርስቲያን ጥላውንና ግዕዙን ሲያይ «ልክ እንደ ጥምቀት!» ማለት ይዳዳዋል። ለዘመናት ጎን ለጎን የኖረ ሕዝብ ነውና መመሳሰሉ አይገርምም። ቢሆንም በዓሉ የአይሁድ ነው፤ ቄሶቹም የቤተ እስራኤል ካህናት ናቸው። «ፈላሻ» የሚለውንማ ጨርሶ ይተዉት፤ ስድብ ነው።

ስግድ የኢየሩሳሌም ናፍቆት ጸሎትም ነውና፣ «ኢየሩሳሌም ገብታችሁ የለ እንዴ፣ አሁን ምን ትናፍቃላችሁ?» የሚል ቀልድም ያስቀይማል። ቤተ መቅደሱ እንደፈረሰ ነው። ጎንደርና አዲስ አበባ ዘመዱ የቀረበት ቤተሰብም ብዙ ነው።

«የኢትዮጵያውያን ጉዳይ ነው» ብሎ የሚቀር እስራኤላዊ ካጋጠመዎት፣ ክኔሴት፣ የእስራኤል ፓርላማ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል አድርጎ እንዳጸደቀው ይንገሩትና ይዘውት ይሂዱ። ነጭ ልብስ ካለዎት ይልበሱ። ሹራብም አይርሱ፤ ያ ከፍታ ነፋስ አያጣውም።