መድኃኒት ስንረጭ የውሃ ዳር ወፎችን የሚጎዱ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወርዱ የቦርከና ወንዝ ጨፋ ሜዳ ላይ ይንጣለልና ረግረግ ይሆናል። ሳቢሳና ሽመላ እዚያ ጭቃ ሲፈትሹ ይውላሉ። በዚያው ውሃ አትክልት ይለማል፤ አትክልቱም የተባይ መድኃኒት ይረጫል።

መርጫውን ቦይ ወይም ወንዝ ውስጥ ማጠብ። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ይመስለኛል። ሰው ደክሞት፣ ውሃው እግሩ ሥር እያለ፣ ሌላ ቦታ ሄደህ እጠብ ቢሉት ይከብደዋል። ግን ታንከሩ ግርጌ የቀረችው ጭላጭ ቦይ ስትገባ ቀድማ የምትፈጀው የውሃ ነፍሳትንና ትንንሽ ዓሦችን ነው። የወፉ ቀለብ ደግሞ እነሱ ናቸው። ፓይሬትሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ወፍን በቀጥታ እምብዛም አይገድሉም፤ የውሃ ነፍሳትንና ዓሣን ግን አይምሩም። ወፉ ባይመረዝም ይራባል። እጣቢውን የተረጨው ማሳ ላይ መልሶ መርጨት ይሻላል።

“የሞተ ወፍ አላየሁም” ብሎ መደምደም። ማላታዮንና መሰሎቹ የተባይ መድኃኒቶች ነርቭን ያውካሉ። ወፉ ይንቀጠቀጣል፣ መብረር ያቅተዋል፣ ሣር ውስጥ ይደበቃል። ሌሊት ጅብ ካነሳው ጠዋት ማን ያየዋል? ዲዲቲ ደግሞ ሳይገድልም ይጎዳል። የእንቁላሉን ቅርፊት ስለሚያሳሳው እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበራል። በ2001 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ወባንና መሰል በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር ሥራ ላይ እንዳይውል የገደበው ያለ ነገር አይደለም።

የመድኃኒቱን መጠን በቆርኪ መገመትና “ትንሽ ጨመር ላድርግበት” ማለት። ተባዩን ያለማምዳል፣ ትርፉም ወደ ውሃው ይወርዳል።

መድኃኒት የታሸ ዘር አፈር ሳይለብስ መተው። ዝይና ዳክዬ ይለቅሙታል።

አንበጣ ሲመጣ እስከ ረግረጉ ጠርዝ መርጨት። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መንጋው ወሎን ሲወር መርጨት የግድ ነበር፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን ሽመላ አንበጣ ወዳድ ነው። ተረጭቶ የሚንፈራገጥ አንበጣ ደግሞ ያለ ድካም የሚገኝ ምግብ ነው። ስለዚህ ወፎቹ በሚለቅሙበት ቦታና ሰዓት አለመርጨት፣ ከውሃውም ራቅ ማለት ያስፈልጋል። ሜታሪዚየም የሚባል አንበጣና ፌንጣን ለይቶ የሚያጠቃ ፈንገስም አለ። ሥራው ዝግ ያለ ስለሆነ ማሳ ላይ ለሰፈረ መንጋ አይደርስም። ክንፍ ላላወጣ ኩብኩባ ግን ጥሩ ነው።