የጥበቃ ፕለጊኑ ባለቤቱን ሲያስወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ሐዋሳ ውስጥ ለፔንሲዮኖችና ለሎጆች ድረ ገጽ እሠራለሁ። ጨምበላላ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ አልጋ የሚይዘው ይበዛል፤ «ዌብሳይቱ አላስገባ አለኝ» የሚለው ጥሪም ያኔ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ፕለጊኑን፣ ማለትም ጣቢያውን የሚጠብቀውን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ እናጥፋው ይለኛል። እባካችሁ አታጥፉት። ባለቤቱን በመልክ አያውቀውም፤ የሚያየው የአይፒ አድራሻን (የኢንተርኔት መስመራችሁን መለያ ቁጥር)፣ የይለፍ ቃልንና ሰዓትን ነው። ከነዚህ አንዱ ሲዛባ ባለቤቱም ሌባ ይመስለዋል። የምጽፈው ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ስለሚጫነው ወርድፌንስ ነው፤ እኔ ዘንድ የሚመጡት ጣቢያዎች ብዙዎቹ እሱን ነው የሚጠቀሙት።

ምልክት፦ 503 የሚል ቁጥር ያለው የእገዳ ገጽ ይመጣል

አንዱ ምክንያት የታወቀ ነው፤ የይለፍ ቃል ደጋግሞ መሳሳት። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። በሞባይል ዳታ ስንገባ ብዙ ተጠቃሚ አንድ የአይፒ አድራሻ ሊጋራ ይችላል። ሌላ ሰው ባጠፋው እናንተ ትታገዳላችሁ ማለት ነው። ሦስተኛው ቪፒኤን ነው፤ ኢንተርኔታችሁን በሌላ አገር በኩል የሚያዞረው መተግበሪያ። ጠዋት ለሌላ ጉዳይ ተከፍቶ ሳይዘጋ ይቀራል። ጣቢያው ላይ የአገር እገዳ ካለ፣ ሐዋሳ ተቀምጣችሁ ከአውሮፓ የመጣችሁ ትመስላላችሁ።

መጀመሪያ ቪፒኤኑን ዝጉ። ካልሆነ ከዳታ ወደ ዋይፋይ ወይም ከዋይፋይ ወደ ዳታ ቀይሩ። አሁንም እምቢ ካለ፣ የእገዳው ገጽ ላይ ኢሜይል ማስገቢያ ሳጥን አለ። የአስተዳዳሪውን ኢሜይል ጻፉበት፤ መክፈቻ ሊንክ ይልክላችኋል። ስፓም ውስጥም ፈልጉት።

ኢሜይሉ ካልመጣ ሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ግቡና ፋይል ማናጀርን ክፈቱ። ፕለጊኖቹ ከተቀመጡበት ፎልደር ውስጥ የወርድፌንስን ፈልጉና ስሙ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ጨምሩበት። አትሰርዙት! አሁን ትገባላችሁ። ስሙን መልሱና ፕለጊኑን እንደገና አብሩት፤ ከማብራታችሁ በፊት ግን ኢንተርኔት ቀይሩ። እገዳው ዳታቤዝ ውስጥ ስለሚቆይ፣ በዚያው አድራሻ ከሆናችሁ ወዲያው መልሶ ያስወጣችኋል። ከገባችሁ በኋላ የድሮ አድራሻችሁን ከታገዱት ዝርዝር ውስጥ አውጡት።

ምልክት፦ የይለፍ ቃሉ ልክ ነው፣ ባለ ስድስት አሃዙ ኮድ ግን አይሠራም

ይሄኛው ሁለት ቀን አስለፍቶኛል። ሐይቁ አጠገብ ካለ አንድ ፔንሲዮን እንግዳ ተቀባይዋ ደወለችልኝ። ከይለፍ ቃሉ ቀጥሎ የሚጠየቀውን፣ ስልኳ ላይ ያለው መተግበሪያ የሚያወጣውን ኮድ ታስገባለች፣ ስህተት ነው ይላታል። በስልክ ሁሉንም ሞከርን፤ በማግስቱም ያው። በመጨረሻ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ስልኬን ከስልኳ ጎን ሳስቀምጠው የኔ 9:20 ይላል፣ የሷ 3:20።

«ሰዓትሽ ተሳስቷል» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ ሰዓቱማ ልክ ነው። ሦስት ሰዓት ከሃያ አይደል እንዴ?»

ልክ ናት። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። ኮዱ ግን የሚሰላው ከዓለም አቀፉ ሰዓት ተነስቶ ነው፤ በየ30 ሰከንዱም ይቀየራል። የሰዓት ቀጠናው የአዲስ አበባ እንደሆነ ቀርቶ ሰዓቱ ብቻ በእጅ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስለተመለሰ፣ ስልኳ የሚያወጣው ኮድ ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ይሄን በፈረንጅ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም፤ የኛ አገር ጉዳይ ነው።

መፍትሄው የስልኩን ሴቲንግ ከፍቶ ቀንና ሰዓትን ወደ አውቶማቲክ መመለስ ነው። ቀጣዩን ኮድ ጠብቃ አስገባች፤ ገባች። የሐበሻ ሰዓት ማየት የሚፈልግ ሰው ለዚያ የተሠራ መተግበሪያ ይጫን፣ የስልኩን ሰዓት ግን አይንካ። ስልኩ ከጠፋ ደግሞ የኮድ ጥበቃው ሲበራ የተሰጡት 5 መጠባበቂያ ኮዶች አሉ። እያንዳንዱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከደረሰኝ ጥራዙ ጋር ካዝና ውስጥ አስቀምጡ።

ምልክት፦ እንግዳውም ባለቤቱም በአንዴ ይታገዳል

ጣቢያው በክላውድፍሌር (በጎብኚውና በጣቢያው መሃል በሚቆም አገልግሎት) በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ ፕለጊኑ የእንግዶቹን አድራሻ ትቶ የክላውድፍሌርን እያየ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲያጠፋ ሁሉም ይቀጣል። የቀጥታ ትራፊክ ገጹን ክፈቱ፤ እንግዳው ሁሉ ከጥቂት ተመሳሳይ አድራሻዎች የመጣ ከመሰለ ችግሩ ይሄ ነው። ፕለጊኑ አይፒን ከየት እንደሚወስድ በሚጠይቀው ቅንብር ላይ የክላውድፍሌርን አማራጭ ምረጡ። ከዚያው ሥር የራሳችሁን አድራሻ ያሳያችኋል። «what is my ip» ብላችሁ ጉግል ላይ ፈልጋችሁ ከምታገኙት ጋር አመሳክሩት።

ምልክት፦ ሆስቲንግ ከተቀየረ በኋላ ነጭ ገጽ

ፋየርዎሉ (አጥቂን የሚያግደው የፕለጊኑ ክፍል) ከዎርድፕሬስ ቀድሞ እንዲነሳ የሚያዝ አንድ መስመር በድረ ገጹ ዋና ፎልደር፣ ዩዘር አይኒ (.user.ini) በሚባል ስውር ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ auto_prepend_file ብሎ የሚጀምረው ነው። መስመሩ የድሮውን ሰርቨር መንገድ ይዞ ስለመጣ፣ አዲሱ ሰርቨር የፋየርዎሉን ፋይል አያገኘውም። ፋይል ማናጀር ላይ ስውር ፋይሎችን አሳይ በሉና ያንን መስመር አጥፉ። ወዲያው ካልተስተካከለ አትደንግጡ፤ ፒኤችፒ (ዎርድፕሬስ የተጻፈበት ቋንቋ) ይሄን ፋይል ደግሞ የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ በየ300 ሰከንዱ ነው። 5 ደቂቃ ጠብቁ። ገጹ ሲመለስ ግቡና ፋየርዎሉን በአዲሱ ሰርቨር ላይ እንደገና አዋቅሩት።