አዋሽ ፓርክ ድንኳን ተክሎ ወፍና አውሬ እንዴት ይታያል

አዋሽ ፓርክ ሄዶ "ባክህ ምንም የለም፣ ሁለት ሳላ አይተን ተመለስን" የሚል ሰው አጥታችሁ አታውቁም (ሳላ ረጅም ቀንድ ያለው አጋዘን መሰል አውሬ ነው)። ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ከአዲስ አበባ 2 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ አዳማ ቁርስ ይበላል፣ መተሐራ ማኪያቶ ይጠጣል፣ ከዛ ልክ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ፓርኩ በር ላይ ከች ይላል። በዛ ሰዓት አውሬው ግራር ስር ተኝቷል፣ ወፉም ጸጥ ብሏል። ፓርኩ ባዶ ሆኖ አይደለም፣ ሰዓቱ አልፎ ነው። እዛው ካላደራችሁ ደግሞ ትክክለኛውን ሰዓት አታገኙትም፣ ስለዚህ ድንኳን።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ነው፣ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ የጅቡቲ መንገድ መሀሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ከመንገዱ ደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳና የአዋሽ ወንዝ ገደል፣ ከሰሜን ፍል ውሃና 2007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ ተራራ። ቆላ ነው፣ ደረቅ ነው፣ እሾህ ነው። ከ450 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቦበታል።

1. ደውላችሁ ጠይቁ

ይሄን አትዝለሉት። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ፈንታሌና አካባቢው በተደጋጋሚ እየተንቀጠቀጠ፣ ታህሳስና ጥር ላይ ሰዉ ከመንደሩ ሲወጣ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የመንገዱ ጸጥታም ከወር ወር ይለያያል። ፓርኩን ወይም በቅርብ ሰው ይዞ የገባ አስጎብኚ ሳትጠይቁ አትነሱ፣ ፌስቡክ ላይ "ሰላም ነው" ያለ ሰው መቼ እንደጻፈው አይታወቅም። የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ፣ ማደር ይፈቀድ እንደሆነ፣ አብሯችሁ የሚሆነው የፓርኩ ጠባቂ፣ የስካውት፣ ክፍያ ስንት እንደሆነ በዛው ጠይቁ።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። ሙቀቱ ይቻላል፣ በዛ ላይ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ጭልፊቶችና ንስሮች ያኔ እዚህ ናቸው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚሄድ ሰው ሙቀቱን ብቻ አይቶ ይመለሳል።

2. ዕቃ

ውሃ። ለአንድ ሰው ለቀን ቢያንስ 5 ሊትር ያዙ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ሳይቆጠር። ሃይላንድ በካርቶን ከመግዛት ጄሪካን መሙላት ይሻላል፣ ባዶ ፕላስቲክ ተሸክሞ መመለስ የሚወድ የለም፣ ስለማይወድም እዛው ይጥለዋል።

ድንኳን ከተከራያችሁ ቤት ሳላችሁ ዘርግታችሁ እዩት። እኛ አንድ ጊዜ ተከራይተን ከረጢቱን ስንፈታ አንዱ ዘንግ የለም፣ ማታውን በግራር ቅርንጫፍና በጫማ ክር አሳለፍን። አጎበር የሌለው ድንኳን ከሆነ አጎበር ጨምሩ፣ አካባቢው ወባ አለበት።

ቢኖኩላር ላይ አትቆጥቡ ባልልም በማይረባ ነገር አትታለሉ። መርካቶ "50 እጥፍ ያጎላል" ተብሎ የሚሸጠው የልጅ መጫወቻ ነው። ላዩ ላይ 8×42 የሚል ፈልጉ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ነው፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። ብዙ የሚያጎላ የተሻለ ይመስላል እንጂ የእጃችሁን መንቀጥቀጥም እኩል ያጎላዋል፣ ለጀማሪ 8 ይበቃል። መስታወቱ ሰፋ ካለ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ብርሃን ያስገባል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ጎህ ሲቀድ ነው። መግዛት ካልቻላችሁ ተዋሱ፣ አንድ ለሦስት ሰው ግን አይሆንም፣ ትጣላላችሁ።

ስልካችሁ ላይ ሜርሊን የሚባለውን የወፍ አፕ አውርዱ፣ የአካባቢውን የወፍ ዝርዝርም ከነፎቶው ቤት በዋይፋይ ጫኑት፣ እዛ ኔትወርክ አትመኑ።

3 እና 4. ድንኳኑና ምግቡ

ካምፕ ማድረጊያዎቹ ወንዙ ዳር ትላልቅ ዛፎች ስር ናቸው፣ ጥላው ደስ ይላል። ግን ውሃው አፍ ላይ አትትከሉ። አዞ አለ፣ ጉማሬም ሌሊት ሳር ሊግጥ ይወጣል፣ የሚሄድበትን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ ሳሩ ተደፍጥጦ ወደ ውሃው የሚወርድ ቦይ ነው። ከቦዩ ራቁ። ስካውቱ "እዚህ አይሆንም" ካላችሁ አትከራከሩ። መሬቱን በእጅ ሳይሆን በጫማ ጥረጉ፣ የግራር እሾህ የድንኳኑን ወለልና ፍራሻችሁን አንድ ላይ ነው የሚበሳው፣ ከስር ወፍራም ሸራ አንጥፉ።

ምግብ ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም፣ አለቀ። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ሁሉም መኪና ውስጥ፣ መስኮቱ ተዘግቶ። ዝንጀሮ ዚፕ መክፈት አይጠበቅበትም፣ ይቀደዋል። ጦጣዎቹ ደግሞ ከዛፉ ላይ ሆነው ዞር እስክትሉ ነው የሚጠብቁት። "ትንሽ ብንሰጣቸው ምናለበት" የሚል ሰው አብሯችሁ ካለ ተቆጡት፣ ዛሬ የተቀበለ ዝንጀሮ ነገ ከሚቀጥለው ሰው እጅ ነጥቆ ነው የሚበላው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ ከያዛችሁ እሳት ለማንደድ ጊዜ አታጠፉም። የስካውቱን ድርሻም አስቡ።

5. ጠዋት (ሁሉም ነገር እዚህ ነው)

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ቡና አይፈላም፣ ማታ ቴርሞስ ውስጥ ያደረጋችሁት ካለ ጠጡ፣ ጀበናው 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ከ12 እስከ 3 ሰዓት የምታዩትን ያህል ቀኑን ሙሉ በመኪና ብትዞሩም አታዩም።

ከዛ ደግሞ አትዙሩ፣ ተቀመጡ። ሰው የሚከብደው ይሄ ነው፣ ያን ያህል መንገድ መጥቶ ወንበር ላይ መቀመጥ ኪሳራ ይመስለዋል። ግን የምትራመዱ ከሆነ ወፉ እናንተን እያየ ይሸሻል፣ ሩብ ሰዓት ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ይረሳችኋል። ወንበራችሁን ጀርባችሁ ለፀሐይ እንዲሆን አድርጉ። ፊታችሁን ወደ ፀሐይ ካዞራችሁ ቀይዋም ሰማያዊዋም ያው ጥቁር ጥላ ናት። መጀመሪያ የዛፍ ጫፍ ጫፉን እዩ፣ ፀሐይ ቀድማ የምትነካው እሱን ስለሆነ ሌሊት የበረዳቸው ወፎች እዛ ወጥተው ይሞቃሉ።

አሁን ቢኖኩላሩ። ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው፣ ወፏን ያያል፣ አይኑን ወደ ቢኖኩላሩ ዝቅ ያደርጋል፣ ያነሳዋል፣ ቅጠል ብቻ ያያል፣ "የታለች? የታለች?" ሲል እሷ ሄዳለች። መፍትሄው አይንን ከወፏ ላይ አለመንቀል ነው። አንገታችሁን አታንቀሳቅሱ፣ አይናችሁን ጨርሶ አትንቀሉ፣ ቢኖኩላሩን በእጃችሁ ብቻ አምጥታችሁ አይናችሁና ወፏ መሀል አስገቡት። ካልተሳካ ምልክት ያዙ፣ ሹካ የሆነ ቅርንጫፍ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የወፍ ጎጆ፣ መጀመሪያ እሱን አግኙና ከሱ ወደ ወፏ ሂዱ። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም፣ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ በር ላይ መብራት ፖል ላይ ባለ ቁራ አንድ ሁለት ቀን ተለማመዱ።

ሌላው ብዥታው ነው። የሁለቱ አይናችን አቅም እኩል ስላልሆነ ቢኖኩላሩ ለየሰው መስተካከል አለበት። ቀኙን መስታወት በእጃችሁ ሸፍኑና በግራ አይናችሁ ብቻ እያያችሁ መሀል ላይ ያለውን መዘውር አዙሩ፣ ጥርት ሲል ተዉት። ቀጥሎ ግራውን ሸፍኑ፣ በቀኝ አይናችሁ ያንኑ ነገር እያያችሁ መሀለኛውን ሳትነኩ ቀኙ አይን ጋር ያለውን ቀለበት አዙሩ። በቃ፣ ከዛ በኋላ ቀኑን ሙሉ የምታዞሩት መሀለኛውን ብቻ ነው። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ አይን ጋር ያለውን ላስቲክ ወደ ውስጥ አጣጥፉት ወይም አዙራችሁ ዝቅ አድርጉት፣ አለዚያ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ እንደማየት ነው።

ወፏን ካገኛችሁ በኋላ ወዲያው ስልክ አትክፈቱ። አፑ ውስጥ ስትፈልጉ ሄዳለች፣ እናንተም "ሰማያዊ ነገር ነበራት" ከማለት ውጪ የያዛችሁት የለም። መጀመሪያ መጠኗን ለኩ፣ ከድንቢጥ ትበልጣለች? ከእርግብ ታንሳለች? ከዛ ምንቃሯን፣ ከዛ ምን እየሰራች እንደሆነ፣ ቀለም መጨረሻ። ለምሳሌ ካምፑ ውስጥ እግራችሁ ስር ፍርፋሪ የምትለቅመው፣ ጀርባዋ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ፣ ሆዷ ብርቱካናማ፣ በደረቷና በሆዷ መሀል ቀጭን ነጭ መስመር፣ አይኗ ነጣ ያለ፣ ሱፐርብ ስታርሊንግ ናት። በጣም ስለምትበዛ በሁለተኛው ቀን ማንም አያያትም፣ እኔ ግን ከውጭ አገር ሰው ጋር ቆሜ እሷን ሳያይ አላሳልፈውም።

ትልቅ ጥምዝ ምንቃር ያላቸው ሆርንቢል የሚባሉት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ቮን ደር ዴከን የተባለው ዝርያ ወንዱ ምንቃሩ ቀይ ሆኖ ጫፉ የዝሆን ጥርስ ቀለም አለው፣ የሴቷ ጥቁር ነው፣ ስለዚህ ሁለት የተለያየ ወፍ አየሁ ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሴቷ እንቁላል ስትጥል ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ በሩን ታሽገዋለች፣ ምንቃር የምታስገባ ስንጥቅ ብቻ ትቀራለች፣ ወንዱ በስንጥቋ ምግብ እያቀበለ ይኖራል። አንድ ወንድ ሆርንቢል አፉ ላይ ነፍሳት ይዞ እዛው ዛፍ እየተመላለሰ ከሆነ ግንዱን ፈልጉ፣ ግን ስሩ ሄዳችሁ አትቁሙ፣ መመገቡን ያቆማል።

የወፍ ድምፅ በስልክ አጫውቶ መጥራት የሚባል ነገር አለ፣ አስጎብኚዎችም ያደርጉታል። አልወደውም። ወፉ ባላንጣ መጣ ብሎ ስራውን ትቶ ነው የሚመጣው፣ ለፎቶ ተብሎ።

6. ሜዳው ላይ በመኪና

ኢላላ ሳላ ሜዳን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እዩት። እዚህ የሚሻለው በእግር ሳይሆን በመኪና ነው፣ ሳላው መኪናን ይለምዳል፣ ከመኪና የወረደ ሰው ሲያይ ግን ይሮጣል። ፊት ለፊት አትንዱበት። በጎን በኩል የምታልፉ መስላችሁ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፣ ሞተር አጥፉ (ቢኖኩላሩም አይንቀጠቀጥም)፣ ጠብቁ። ከመንገድ ወጥቶ ሳር ላይ መንዳት የለም፣ ሾፌሩ ቢያስቸግር እንኳ።

ሳላ ሴቷም ወንዱም ረጅም ቀጥ ያለ ቀንድ አላቸው፣ ስለዚህ ቀንድ ያለው ሁሉ ወንድ አይደለም። የሜዳ ፍየሉን ከሩቅ የምታውቁት በነጩ ቂጡ ነው። አምባራይሌ የሚባለውን አጋዘን መሰል አውሬ ሜዳ ላይ አትፈልጉ፣ ቁጥቋጦው ጠርዝ ላይ ነው፣ ጎኑ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ካላያችሁ ግራር መሀል ቆሞም አትለዩትም። እንሹ ደግሞ ከጥንቸል ብዙ የማትበልጥ አጋዘን መሰል አውሬ ናት፣ ሁለት ሆና ቁጥቋጦ ስር ቆማ ታያችኋለች።

ባስታርድ የሚባለው ትልቁ የምድር ወፍ ሲራመድ ካያችሁ ጀርባውን እዩ። አንዳንዴ ቀይዋ ንብ በል ወፍ፣ ካርማይን፣ ጀርባው ላይ ተፈናጣ ትሄዳለች፣ እሱ ሲራመድ ከሳሩ የሚነሱትን አንበጣዎች እየዘለለች ትይዝና ተመልሳ ትቀመጣለች። ይሄን ያየ ሰው ሳላውን ይረሳዋል።

7. ፏፏቴው፣ ፍል ውሃና ፈንታሌ

የአዋሽ ወንዝ ፏፏቴ ቅርብ ነው። ዝንጀሮዎቹን አስተውሏቸው፣ ከፏፏቴው በላይ ያሉት ቡኒዎቹ አኑቢስ ናቸው፣ ከታች ገደሉ ውስጥ ትልልቅ ወንዶቹ ግራጫ ካባ ያላቸው ሃማድራያስ፣ መሀል ላይ የተዳቀሉ አሉ፣ ተመራማሪዎች ለአስርት ዓመታት ሲያጠኗቸው የኖሩት እነዚህኑ ነው።

ፍል ውሃ ከዘምባባው ጋር ያምራል፣ ለመታጠብ ስካውቱ ያሳያችሁ ቦታ ብቻ ግቡ። ከረዩዎችና አፋሮች ከብትና ግመል ይዘው ታገኟቸዋላችሁ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ሳትጠይቁ ካሜራ አታንሱ።

ፈንታሌ ለጠንካራ መኪናና ለጠንካራ እግር ነው፣ አካባቢው ከተረጋጋና ፓርኩ ከፈቀደ ብቻ። የወፍ ሰው እዛ የሚወጣው ሶምበር ሮክ ቻት ለምትባል ጥቁር ላቫ ድንጋይ ላይ ለምትኖር ደብዛዛ ቡኒ ወፍ ነው፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ለሷ ብላችሁ አታሰቃዩአቸው።

8. ማታ

እራት በጊዜ ይበላና እሳቱ ይቀነሳል። ባትሪውን ከአይናችሁ እኩል፣ ግንባራችሁ ጎን ይዛችሁ ወንዙን አብሩበት፣ ዝቅ አድርጋችሁ ከያዛችሁት አይሰራም። ውሃው ላይ ቀይ ፍም የሚመስል ጥንድ ካበራ አዞ ነው። ጅብ ይጮሃል፣ ይጩህ። ለሽንት ስትወጡ በመጀመሪያ ጫማችሁን አራግፉ፣ ጊንጥ አለ፣ ብቻችሁን ከብርሃን ውጪ አትሂዱ።

9. ስትመለሱ

አመዱን ውሃ አፍሱበት፣ ቆሻሻውን በፌስታል ሰብስቡና አዲስ አበባ ድረስ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዛ የተቀበረ ቆሻሻ በማግስቱ ጅብ አውጥቶታል። ጎማውን ለእሾህ አንድ በአንድ እዩት፣ ስፔር ጎማ አየር እንዳለውም። የከሰዓቱን ቆይታ አሳጥራችሁ ከ9 ሰዓት ሳያልፍ ውጡ፣ መሸት ሲል የጅቡቲ መንገድ ላይ መብራት የሌለው ከባድ መኪናና አስፋልት ላይ የቆመ ግመል አለ።