ላንድክሩዘሩ ከፍ ካለ በኋላ መሪው ለምን አይመለስም?

ክረምት ሊገባ ሲል ጅማ ውስጥ ላንድክሩዘር ከፍ ማስደረግ ይበዛል። የሊሙና የጌራ ጭቃ ማንንም አይምርማ። የፊት ሞላ ይቀየራል፣ መኪናው 5 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፣ ባለቤቱ ፎቶ ይነሳበታል። ከሳምንት በኋላ ጋራዥ በር ላይ አገኘዋለሁ። የጎማ ንፋስ፣ ባላንስና ቴስቲና (የመሪ ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው መጋጠሚያ) ታይተዋል ብዬ ልጀምር።

መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪው ግን ተጣሟል። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ርዝመት መስተካከል አለበት። መሪውን ነቅሎ አዙሮ መግጠም ጥገና አይደለም፣ መሸፋፈን ነው።

አክስሉ ወደ አንድ ጎን ወጥቷል። በጎን የሚይዘው ዘንግ ስቦት ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ከሆነ ተዉት። ከበዛ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ግጠሙ።

መሪው ከኩርባ በኋላ አይመለስም፣ ፍጥነት ሲጨመር መኪናው ይዋልላል። እኔ ጋ በብዛት የሚመጣው ይኼ ነው። መንስኤው ካስተር ነው። የብስክሌት ሹካ አስቡ። ወደ ኋላ ስላጋደለ ነው ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ የሚሄደው። የመኪናውም ጎማ የሚዞርበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው፤ ካስተር የሚባለው ይኼ ማጋደል ነው። ፊቱ ባለ ሞላ በሆነው ላንድክሩዘር 70 ላይ አክስሉን የያዙት ሁለት ክንዶች ወደ ኋላ ሄደው ሻንሲው ላይ ይታሰራሉ። ሻንሲው ከፍ ሲል አክስሉ ወደ ፊት ይዞራል፣ ማጋደሉም ይቀንሳል። 5 ሴንቲሜትር ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ይበላል።

"አላይመንት አሰርቻለሁ እኮ!" ይሉኛል። እዚያ የተስተካከለው ቶ ነው፤ ከላይ ሲታዩ የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት ልክ። በዚህ አክስል ላይ ካስተር የሚስተካከልበት ቡሎን የለም።

አንድ ቡና ጫኝ ፒክአፕ አልረሳም። ከአጋሮ ጭኖ ሲመጣ ደህና ነው፣ ባዶውን ሲመለስ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ሾፌሩ ቴስቲና ሁለቴ ቀይሯል። የመሪ ሾክ አብዞርበርም ተገጥሞለት በሽታውን ሁለት ሳምንት ደብቆለታል። ነገሩን ሲያወራኝ መለኪያ ሳላወጣ ገባኝ። ጭነቱ ኋላውን ሲያወርደው ካስተሩ ትንሽ ይመለሳል፣ ባዶ ሲሆን ይጠፋል። ስለካው 1 ዲግሪ እንኳ አልሞላም።

መፍትሄው ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ጎሚኒ (መጋጠሚያው ውስጥ የሚገባ ክብ ትራስ) ነው፤ ክንዱ አክስሉ ላይ በሚታሰርበት በኩል ይገባል። ፕሬስ ከመጫናችሁ በፊት አቅጣጫውን ሦስቴ እዩ። ተገልብጦ ከገባ የጠፋውን መመለሱ ቀርቶ ሌላ ይቀንሳል። እንዲህ ተደርጎ የተገጠመ መኪና እጄ ገብቷል፤ ባለቤቱ ከ40 በላይ መንዳት ፈርቶ ነበር። በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ማስቲካ የሚገባውን ኮፒ ጎሚኒ አትግዙ። አንድ ክረምት አይዘልቅም። የላስቲክ ጎሚኒ ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎን አታጥብቁ! ጎማው መሬት ነክቶ ክብደቱ ሲያርፍበት ነው የሚጠብቀው። አለዚያ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ከፍ ካላችሁ ጎሚኒ ብቻውን አይበቃም። የክንዱን ማሰሪያ ዝቅ የሚያደርግ ብረት ይገጠማል። ክንዱን በእሳት አግሎ ማጠፍ የሚባለውን "ዘዴ" የሚያቀርብላችሁ ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ካስተሩን ለመመለስ አክስሉ ወደ ኋላ ሲዞር የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ዝቅ ይላል። ፎርዊል ስታስገቡ ንዝረት ከተሰማ የፊቱን ክሮቼራ (የማስተላለፊያ ዘንጉን መጋጠሚያ) እዩ።

ቶርሽን ባሩ (በሞላ ፈንታ የሚጠመዘዘው ብረት) ተጠብቆ ከፍ ያለ ሃይሉክስ ጎማ በአንድ ጠርዝ ይበላል። ካምበር (ከፊት ሲታይ የጎማው ወደ ጎን ማጋደል) እና ቶ ነው፤ እዚህ ላይ አላይመንት ቤት ይረዳል። ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት የሲቪ ጆይንቱ ላስቲክ ይቀደዳል።

ወደ ላንድክሩዘሩ ስንመለስ፣ ጉድጓድ ከመታ በኋላ መሪው በኃይል ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ የጎን ዘንጉ ቡሎን ላልቶ ነው። ሳይጠበቅ አትንዱት።

ሥራው ሲያልቅ የፍሬን ቱቦው አለመወጠሩን እዩና ባዶውን ሞክሩት። ጭናችሁ ከሞከራችሁ ያ ፒክአፕ እንዳታለለው ሾፌር ትታለላላችሁ።