ዲለሩ «ምንም አላገኘንም» ሲልህ፦ ኤሌክትሪኩ ለሚያስቸግር አዲስ መኪና ሌመን ሎው እንዴት ይሠራል (ሜሪላንድ)

አዲስ መኪና ገዝታችሁ ኤሌክትሪኩ እያስቸገራችሁ ላላችሁ ነው የምጽፈው፣ በተለይ ሜሪላንድ ላላችሁ። ሌመን ሎው ማለት ተደጋግሞ ተጠግኖ አልስተካከል ላለ አዲስ መኪና ገዢውን የሚጠብቅ ህግ ነው። እኔ ሰባት ወር ተንገላትቼበታለሁ። የዲለሩንም የካምፓኒውንም ስም አልጠራም።

ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ስክሪኑ ድርግም አለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ ባንዴ ቦግ አለና ሞተሩ ጠፋ። ከኋላዬ ጡሩንባ በጡሩንባ ሆነ። ቁልፉን መልሼ ሳስነሳው ምንም እንዳልሆነ ሰው ቀጥ ብሎ ተነሳ። በነጋታው ዲለር ወሰድኩት፣ ሁለት ቀን አቆይተው «ደህና ነው» ብለው መለሱልኝ፣ ወረቀቱ ላይ ኖ ፕሮብለም ፋውንድ ይላል። የኤሌክትሪክ ችግር እንደ ልጅ ነው፣ ሌሊቱን ሲያቃጥለው አድሮ ሀኪም ፊት ሲቀርብ ይስቃል።

ብዙ ሰው ሌመን ሎው ሲባል መኪናው ሲበላሽ ብድግ ብለው ብሩን የሚመልሱለት ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም። ሜሪላንድ ላይ ጊዜው መኪናውን ከተረከብክበት ቀን ጀምሮ 24 ወር ወይም 18,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የሞላው። ኡበር የምትነዳ ከሆነ ይሄን አስላው፣ በቀን 100 ማይል ብትሄድ በ180 ቀን አለቀ ማለት ነው፣ ስለዚህ «ትንሽ ልየው» እያልክ አትቀመጥ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያው ችግር 4 ጊዜና ከዛ በላይ ተሞክሮ ካልተስተካከለ፣ ወይም መኪናው ጋራዥ የቆየበት ቀን ተደምሮ 30 ከሞላ፣ ህጉ አንተ ጋር ነው። ፍሬን ወይም መሪ ከሆነ አንድ ሙከራም ይበቃል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ቁጥሩ ይለያል፣ 18 ወር ነው፣ ያው ችግር ሲሆን 3 ጊዜ፣ ለደህንነት የሚያሰጋ ሲሆን 1 ጊዜ፣ ደሞ መኪናውን በጉልህ መጠን ለግልና ለቤተሰብ የምትነዳው መሆን አለበት ይላል።

አሁን ዋናው ጣጣ። ህጉ «ያው ችግር» ነው የሚለው፣ ኤሌክትሪክ ደሞ መልኩን ይቀያይራል። አንድ ቀን ስክሪኑ ይጠፋል፣ ሌላ ቀን ጠዋት ባትሪው ሞቶ ጃምፕ ትለምናለህ፣ በሌላው ሳምንት መስኮቱ አልወርድ ይላል። አንተ እንዳለ ብትነግራቸው ሶስት የተለያየ ችግር ብለው ይጽፉታል፣ እያንዳንዱ አንዴ አንዴ ይቆጠርና አራት የሚባለው ነገር በጭራሽ አይሞላም። እኔን ይሄን የነገሩኝ ድሮ ዲሲ ታክሲ የነዱ አንድ ጋሼ ናቸው፣ ቤተክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ ወረቀቶቼን አንድ ባንድ አገላብጠው «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሶስት መኪና ነው የሚመስለው» አሉኝ።

ከዛ በኋላ ዲለሩ ጋር መኪናውን የሚቀበለውን ሰርቪስ አድቫይዘር እንዲህ እለው ጀመር፦ «ባለፈው ወር ያመጣሁት የኤሌክትሪክ ችግር ነው የተመለሰው፣ የዛን ቀኑን ትኬት ቁጥር እዚህ ላይ ጻፍልኝ።» ትኬት የምለው ሪፔር ኦርደሩን፣ የጥገናውን ወረቀት ነው። ሲጽፍ ስክሪኑን እያየሁ እቆማለሁ፣ ሳላነበው አልፈርምም። የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀንና ማይሉ መኖር አለበት። ሶፍትዌር አፕዴት ብቻ አድርገው ቢመልሱልህም እሱም የጥገና ሙከራ ነው፣ ይጻፍ በል። ከሁሉ የምትጠነቀቀው ደሞ «ና አንዴ ልየው» ብሎ ያለ ሪፔር ኦርደር ኮፈኑን የሚከፍት ደግ ሰው ነው፣ ወረቀት ከሌለ አልሄድክም።

ሲጠፋብህ ጥግ ይዘህ ቁምና በስልክ ቪዲዮ አንሳ፣ ዳሽቦርዱና ማይሉ ይታይ። ጠዋት ጠዋት ባትሪ የሚሞት ከሆነ መኪናው ጠፍቶ ሳለ ምን ያህል ከረንት እንደሚስብ አሳድረው እንዲለኩት ጠይቅ፣ አስር ደቂቃ ነድተው አያገኙትም። ዳሽካም ከፊውዝ ቦክስ ሽቦ ስበህ ያስገባህ ወይም አላርም ያስገጠምክ ካለህ፣ ካምፓኒው «አንተ ነካክተህ ነው» ለማለት ያቺን ነው የሚጠብቀው።

አራተኛው ሳይስተካከል ሲቀር ደብዳቤ ትጽፋለህ፣ ለዲለሩ ሳይሆን ለአምራቹ፣ አድራሻው የዋራንቲ ቡክሌቱ ላይ አለ። ቪን ቁጥሩን (የመኪናውን መለያ ቁጥር)፣ የሄድክበትን ቀን ሁሉና ችግሩን ጻፍና የትኬቶቹን ኮፒ አያይዝ። በሰርቲፋይድ ሜይል (በአደራ ደብዳቤ) ላከው፣ ሪተርን ሪሲት፣ ማለትም መድረሱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ያለው። 30 ቀን አላቸው። ካላስተካከሉት ሌላ መኪና ወይም ብርህን መምረጥ ያንተ ነው፣ ብሩን ስትመርጥ ለተጠቀምክበት የሚቀንሱት ከመኪናው ዋጋ ከ15 ፐርሰንት አይበልጥም። በመሃል ፔይመንት እንዳታቆም ብቻ፣ ባንኩ የመኪናህ ጉዳይ አያገባውም፣ ክሬዲትህን ነው የሚያበላሸው። ጠበቃ ላይ ብዙ አትፍራ፣ ካሸነፍክ ፍርድ ቤቱ የጠበቃውን ክፍያ አምራቹ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል፣ የ1975ቱ የፌደራል የዋራንቲ ህግም ይሄው አለው። «የሁለት ወር ፔይመንት እንክፈልልህና እዚህ ፈርም» ካሉህ ግን ጠበቃ ሳያየው አትፈርም።

የኔ እዛ አልደረሰም። ደብዳቤው በደረሰ በሶስተኛው ሳምንት ካምፓኒው የራሱን ቴክኒሻን ላከ፣ ሰውዬው ግማሽ ቀን ተኝቶ ፈለገው፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ብሎኑ ላልቶ ኖሯል። አንድ ብሎን! ከዛ ወዲህ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ዩዝድ የገዛህ አብዛኛውን ጊዜ ሌመን ሎው ባይመለከትህም ባዶ እጅህን አይደለህም። ሜሪላንድ ውስጥ ዲለር «አዝ ኢዝ (እንዳለ) ነው የሸጥኩልህ፣ አያገባኝም» ማለት የሚችለው መኪናው ከ6 ዓመት በላይና ከ60,000 ማይል በላይ ሲሆን ነው፣ ከግለሰብ ከገዛህ ግን ሌላ ነው።

ሪከልም እይ፣ አምራቹ ጉድለት አለበት ብሎ ለጥገና የሚጠራው ማለት ነው። 17ቱን የቪን ፊደልና ቁጥር ኤንኤችቲኤስኤ (የፌደራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ድረገጽ ላይ ታስገባለህ፣ ሪከል ካለው ስንተኛ ባለቤት ብትሆን፣ ዋራንቲው ቢያልቅም፣ 15 ዓመት ያልሞላው መኪና በነጻ ይሠራል። ጂኤም (ጀነራል ሞተርስ) በ2014 ሪከል ያደረገው የቁልፍ ማብሪያ ትዝ ይላችኋል፣ እየነዱት በራሱ ወደኋላ ይዞርና ሞተሩ ይጠፋል፣ ኤርባጉም አይከፈትም ነበር፣ ለ124 ሰው ሞት ካሳ ተከፍሎበታል። ቪኑን ሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ስር ታገኘዋለህ፣ ከውጭ ሆነህ ነው የምታነበው።