የአጭር ፊልም ሙዚቃ በቤት ውስጥ ሲሠራ

ሙዚቃ ከመጀመራችሁ በፊት ኤዲቱ ያለቀ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ፊልሙን አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግታችሁ፣ አንድ ጊዜ ከነድምፁ እዩትና ሙዚቃ የማያስፈልገውን ቦታ ሁሉ በሰከንድ ጻፉት። ብዙ ፊልሞቻችንን የሚጎዳው ሙዚቃው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለመቋረጡ ነው። የተዋናይዋ ዓይን እንባ ባቀረረ ቁጥር ትዝታ ከመጣ ጆሮ ይለምደዋል፤ ዋናው ቦታ ላይ ሲደረስ ምንም አይሰማም። ለ12 ደቂቃ ፊልም ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ሙዚቃ በቂ ነው።

ተመልካች የሚያለቅሰው ቀድሞ ለሚያውቀው ዜማ ነው። ስለዚህ ዜማውን ሰው ዘና ባለበት ሰዓት ትከሉት። ታሪካችሁ ለገጣፎ ዳር ባለ ቤት ውስጥ ነው እንበል፤ ልጅቷ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው። እናቷ ቡና ስትቆላ፣ እሷ እየሳቀች ረከቦቱን ስታስተካክል ክራሩ አምስት ኖታ ያላትን ዜማ ለ20 ሰከንድ ያህል ዝግ አድርጎ ይጫወት። ማንም ልብ ባይላት ጥሩ ነው። ሽኝቱ ላይ፣ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ቦታ ላይ፣ ምንም ሙዚቃ አታስገቡ። ልጅቷ ከሄደች በኋላ እናትየዋ በልማድ ሁለት ስኒ ቀድታ አንደኛውን ዝም ብላ ስታይ ያቺው ዜማ በዋሽንት ትመለስ፤ ፍጥነቷ በደቂቃ ከ88 ምት ወደ 66 ወርዶ፣ የመጨረሻዋ ኖታ ሳትነፋ። የቀረችውን ኖታ የተመልካቹ ጆሮ ራሱ ይጠብቃታል፤ ልብ የሚነካውም ያ ጥበቃ ነው።

ዜማው ደግሞ መዋሸት የለበትም። የሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊሊያምስ በ1975 ለወጣው የሻርክ ፊልም «ጆስ» ከሁለት ኖታ የተነሳ የሻርክ ዜማ ሠርቷል። ሁለት ልጆች የውሸት የሻርክ ክንፍ ይዘው ዋናተኞቹን ሲያስደነግጡ ግን ያ ዜማ የለም፤ እውነተኛው ሻርክ አልመጣምና። ተመልካቹ በዚህ መንገድ ዜማውን ማመን ይለምዳል። ኋላ ላይ ሻርኩ ያለ ሙዚቃ ድንገት ከውሃው ብቅ ሲል ያ ሁሉ ድንጋጤ የሚመጣው ከዚያ እምነት ነው። እናንተም የእናትየዋን ዜማ ለመኪና ጉዞ ማሟያ አታድርጉት።

ቅኝቱን ሰፋ አድርጋችሁ አስቡበት። ባለ ስድስት አውታር ክራርን በትዝታ ሜጀር ቃኙት፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ከላይ ዶ። ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ሚና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው፤ ሁለት አውታር ተነክቶ ያው ዜማ ሌላ ፊት ይይዛል። ለፍርሃት አንቺሆዬ ቅኝት ይሻላል፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። ክራር በየቅኝቱ መቃኘት ስላለበት የአንዱን ቅኝት ቅጂዎች በሙሉ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ። ዋሽንት ግን አይቃኝም። ተጫዋቹ የተለያየ ዋሽንት ይዞ ይምጣ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ነፍቶ ካሞቀው በኋላ ክራሩን በእሱ ቃኙ። ቀዝቃዛ ዋሽንት ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ስለሚል፣ ቀድማችሁ የቃኛችሁት ክራር መሃል ላይ ይጣላዋል።

መሣሪያ አታብዙ። በርናርድ ኸርማን የ1960ውን አስፈሪ ፊልም «ሳይኮ» ሙዚቃ የሠራው በአውታር መሣሪያዎች ብቻ ነው። በገናን ለተራ ኀዘን ማጀቢያ ባታውሉት እንመርጣለን፤ የጾምና የጸሎት መሣሪያ ስለሆነ ተመልካቹን ከታሪኩ አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል።

የምቱ ስሌት ቀላል ነው፦ ፍጥነት ሲባዛ በሰከንድ፣ ሲካፈል ለ60። ስኒው ከተቀዳበት በሩ እስኪዘጋ 40 ሰከንድ ከሆነ በ66 ፍጥነት 44 ምት፣ አንድ ባር አራት ምት ከያዘ ልክ 11 ባር ይወጣል። ኤዲተሩ ሁለት ሰከንድ ቢቀንስባችሁ ፍጥነቱን ወደ 69.5 ከፍ አድርጉ እንጂ ዜማውን አትቁረጡ። ፊልሙ በሰከንድ በስንት ፍሬም (ምስል) እንደተቀረጸም ጠይቁ። በ24 የተቀረጸውን በ25 ከከፈታችሁ በየደቂቃው 2.4 ሰከንድ እየቀደመ ይሄዳል፤ «ሙዚቃው ሸሸ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው።

ቀረጻው ላይ የከተማ ዳር ቤት የራሱ ጣጣ አለው። ሱሉልታም ሆነ ሰበታ፣ በክረምት ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ከጀመረ ሥራው አበቃ፤ ሌሊት ውሻ፣ በሥራ ቀን ብየዳና ብሎኬት ማምረቻ አለ። እሑድ ከሰዓት ብዙውን ጊዜ ይሻላል። ፍራሽ ግድግዳው ላይ አቁሙ፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ፣ ወለሉን በጋቢ ሸፍኑ። ማይክሮፎኑ ከክራሩ ገበቴ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ለዋሽንት ከአፉ በላይ ወደ ጎን አድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሹ ይመታዋል። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ቅረጹ፣ ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከ-10 ዴሲቤል አይለፍ። መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ የኤሌክትሪኩ እምምታ እንዲያውም ይቀንሳል።

ንግግር ካለ ሙዚቃውን ከንግግሩ 15 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጉት። ዋሽንት ከሰው ድምፅ ጋር ስለሚጋፋ ከንግግር ሥር ክራር ይሁን። መጨረሻ ላይ በስልክ ስፒከር አድምጡት፤ ወፍራሙ የክራር አውታር ከጠፋ ዜማውን አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ) ከፍ አድርጋችሁ በላዩ ደርቡበት። የሙዚቃውን ትራክ ከንግግሩ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ፊልሙን በሌላ ቋንቋ ማስተርጎም ስትፈልጉ ያስፈልጋችኋል።