ድሬዳዋን በሥዕል ስናሳይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ሠዓሊዎች ተሰባስበው «ከተማችንን በዐውደ ርእይ እናሳይ» ያሉ እንደሆነ፣ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለውን ሳላየው እነግራችኋለሁ። አንደኛው የለገሃሬ ባቡር ጣቢያ ነው። ሁለተኛው ግመል። ሦስተኛው ጀንበር ስትጠልቅ ግመሉ በጣቢያው ፊት ሲያልፍ። እኔም ሥዬዋለሁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው።

የሚታወቀውን መልሶ መሣል

ጣቢያው አይሣል አላልኩም። ከተማዋን የወለዳት እርሱ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የሐረርን ዳገት መውጣት ስለከበደው ሜዳው ላይ ቀረ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ችግሩ የጣቢያውን ፊት የድሬ ልጅ ዐይኑን ጨፍኖ ማወቁ ነው። «ይመስላል» ይልና ያልፋል።

አንድ ጊዜ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ያመጣው ሥዕል ግን ሰው ሰብስቦ ዋለ። ግድግዳ ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ፣ ግራሶ የጠጣ የሥራ ቱታ፤ ከሥሩ ክዳኑ የተጣመመ የምሳ ዕቃ። ባቡርም ሐዲድም የለበትም። አንዲት እናት ቀርበው የምሳ ዕቃውን በጣታቸው ሊነኩ ሲሉ አየሁና «እማማ፣ ቀለሙ በደንብ አልደረቀም» አልኳቸው። ዞር ብለውም አላዩኝ። «ይህ ክዳን እኮ የተጣመመው እኔ ጥዬው ነው» አሉ። ብሩሽ ከማንሣታችሁ በፊት የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ጎረቤት ካላችሁ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አብራችሁት ተቀመጡ።

ግማሽ ከተማ ማሳየት

የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን ከዚራ አለ፤ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መንገድ፣ ግራና ቀኝ ዛፍ። በሌላው ወገን መጋላ፤ እንደ ገበያተኛው አካሄድ የሚጠማዘዝ መተላለፊያ፣ የቀፊራ ገበያ ቅስቶች፣ የሳንቡሳ ዘይት ሽታ፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌዎች። ሠዓሊ ደግሞ ጥላ ይወዳል፤ ወንበሩን የሚዘረጋው ከዚራ ነው። አንድ ዓመት ሸራዎቻችንን መሬት ላይ ደርድረን ስንቆጥር ከሃያው አሥራ አምስቱ ከዚራ ሆኖ አገኘነው፤ መክፈቻው ሦስት ቀን ሲቀረው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሮቹን በዕጣ እንከፋፈላለን። ሳቢያን የሚኖረው ገንደ ቆሬ፣ ከዚራ የሚኖረው መጋላ ሊደርሰው ይችላል። መጀመሪያ ሁሉም ያጉረመርማል።

ከሥዕሉ ሥር የሚለጠፈው ጽሑፍም በአማርኛ ብቻ ከሆነ ያው ግማሽ ከተማ ነው። ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይኑርበት፤ የተተረጎመውንም የቋንቋው ባለቤት የሆነ ጎረቤት ያንብበው እንጂ ኮምፒውተር ያወጣውን እንዳለ አትለጥፉ። በተለይ የከተማዋን ስም ስትነኩ ተጠንቀቁ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ድሬ ሜዳ ነው፣ ዳዋ መድኃኒት ነው ይላል። ሶማሊኛ ተናጋሪው ድር የተባለው የጎሣ አባት ጦሩን የተከለበት ቦታ ነው ይላል። አንዱን መርጦ «ትክክለኛው ትርጉም» ብሎ መግቢያው ላይ በትልቁ መጻፍ ጠብን በደብዳቤ መጥራት ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፏቸውና ጎብኚው እዚያው ቆሞ ይከራከር። እንዲያ ያደረግን ጊዜ ክርክሩ ከሥዕሎቻችን በላይ ሰው አቆይቷል።

ማወደስን ከማሳመር ጋር ማምታታት

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ግን በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። «ይህ እኮ የደስታ ዝግጅት ነው፤ ሐዘን አታምጡብን» የሚል አዘጋጅ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ያንን ሌሊት ትቶ ደቻቱን የሣለ ሰው አሸዋ ነው የሣለው። ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የሟች መልክ ቤተሰቡ ሳይጠየቅ አይሣልም። ወንዙ ዳር ሆኖ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰማዩን የሚያይ ሰው ከሬሳ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

በ8 ሰዓት መክፈት

ይህን ስህተት የድሬ ሰው ይሠራዋል ብሎ ማን ያምናል? እኛ ሠርተነዋል፤ የክብር እንግዳው የሚመቻቸው ሰዓት ነው ተብሎ። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድሬ በሯን ትዘጋለች። ሙቀት አለ፣ ምሳ አለ፣ ጫት አለ። በዚያ ቀን የመጡት የድምፅ ማጉያው ባለቤትና መንገድ የጠፋበት አንድ የባጃጅ ሹፌር ናቸው። የክብር እንግዳውም አልመጡም። ከ11 ሰዓት በኋላ ክፈቱ፤ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አቆዩት፤ መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚሠራ አምፖል አዘጋጁ። ቦታውም ጥበቃ በሩ ላይ ቆሞ የሚፈትሽበት አዳራሽ ባይሆን ይመረጣል፤ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው ዘንቢሉን ይዞ የሚገባበት በረንዳ ይበልጣል። ደጅ ላይ ካደረጋችሁት ግን ቀጥተኛ ፀሐይ አትስጡት፤ የውኃ ቀለም ይነጣል፣ የተወጠረው አቡጀዲ ይላላል።

ስለ አሰቃቀል ብዙ አልልም። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሁን፤ ጽሑፉ መነጽር የረሳ ሰው እንዲያነበው ሆኖ ይታተም። የመክፈቻ ንግግር ደግሞ አንድ ይበቃል።

የተዋሱትን ፎቶግራፍ እንደ ራስ ዕቃ መያዝ

ሰው የቤተሰቡን አሮጌ ፎቶግራፍ አምኖ ሲሰጣችሁ፣ ያለችውን አንዲት ቅጂ ነው የሚሰጣችሁ። ከመካከላችን አንዱ የተዋስነውን የሠርግ ፎቶግራፍ በፒን ወግቶ ሰቀለው፤ ፒኑ የሙሽራዋን ቬሎ በስቶ ወጣ። እስከ ዛሬ በዚያ ቤት በር ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ፎቶግራፉን በተረከባችሁበት ዕለት በስካነር ቅዱ፣ ቅጂውን ስቀሉ፣ ዋናውን በዚያው ቀን መልሱ። ከጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ።

የሥዕሉን ዋጋ አለመጻፍም ስህተት ነው። ጠይቆ የሚያፍር ሰው ብዙ ነውና ዋጋውን ጻፉ፤ ትንንሽ ንድፎችንም ለተማሪ ኪስ በሚሆን ዋጋ አቅርቡ። ስትሸጡ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ገዢው ሸራውን ገዛ እንጂ የማባዛት መብቱን እንዳልገዛ በደረሰኙ ላይ አስፍሩ፤ በሚቀጥለው መስከረም ሥዕላችሁን በሰው ካላንደር ላይ እንዳታገኙት።

የመጨረሻው ስህተት በመዝጊያው ቀን ሁሉንም ጠቅልሎ አልጋ ሥር መክተት ነው። ጸጉር ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ፋርማሲ አንዳንድ ሥዕል ለአንድ ዓመት አውሱ። ያ ልጅ የምሳ ዕቃውን ሥዕል ለእማማ አውሷቸዋል። ቡና ሊያጠጡን ጠርተውን ሄደን አየነው። ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውታል፤ ከሥሩ ኮመዲኖ ላይ የባለቤታቸውን የምሳ ዕቃ አስቀምጠዋል። የሥዕሉ ክዳን የተጣመመው በግራ በኩል ነው፤ የእርሳቸው በቀኝ።